ፕሬዠር ፓምፕ ላይ ቫልቭ መበላሸቱን እንዴት አውቃለሁ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ፓምፕ ስጠግን ሰው ደውሎም በቴሌግራምም ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፣ ከቀላሉ ጀምሬ።

ቫልቭ ቫልቭ ትላላችሁ፣ እኔ ቤት ካለው ፓምፕ ላይ የቱ ነው ቫልቩ?

አብዛኛው ቤት ያለው አሰራር ይመሳሰላል። ሮቶ አለ፣ ከሮቶው ስር የሚዘጋና የሚከፈት መዝጊያ አለ (የሚሽከረከረው ጌት ቫልቭ ወይም ባለ እጀታው ቦል ቫልቭ)፣ ከዛ ቼክ ቫልቭ፣ ከዛ ፓምፑ። ፓምፑ ራስ ላይ ደግሞ ጌጁ (ግፊቱን የሚያሳየው)፣ ፕሬዠር ስዊቹ (ግፊቱን አይቶ ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው) እና ፊኛ ያለበት ታንክ የሚታሰሩበት ባለ አምስት አፍ የናስ ማያያዣ አለ፣ ከሱ በኋላ ወደ ቤት የሚሄደው መስመር በሌላ መዝጊያ ይጀምራል። አንዳንድ ቤት ቼክ ቫልቩ ከፓምፑ በፊት ሳይሆን በኋላ ነው፣ ችግር የለውም፣ ዋናው መኖሩ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ የምናወራው ስለ ቼክ ቫልቩ ነው፣ ኖን ሪተርን የሚሉትም አሉ። ስራው ውሃ ወደፊት ማሳለፍና ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከልከል ብቻ ነው፣ ላዩ ላይ ቀስት አለው፣ ቀስቱ ወደ ቤት ማየት አለበት። ይሄን የማወራው ገልብጠው የሚገጥሙ ስላሉ ነው።

ማንም ውሃ ሳይከፍት ሌሊት ፓምፑ ራሱ እየተነሳ ይጠፋል፣ ምንድነው ችግሩ?

ቁጥር አንድ ጥያቄ ይሄ ነው። ፓምፑ ግፊት ሲወርድ ይነሳል፣ ግፊት ሲሞላ ይጠፋል፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ማንም ሳይከፍት ከተነሳ ውሃ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ መውጫው ደግሞ ወይ ወደፊት ነው ቤት ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ፣ ወይ ወደ ኋላ ነው በቼክ ቫልቩ አልፎ ተመልሶ ሮቶ ውስጥ እየገባ ነው። ሰው ግን ይሄን ሳይለይ መጀመሪያ ፕሬዠር ስዊች ይገዛል፣ እሱ አልሆን ሲል ፓምፕ ይገዛል፣ አዲሱም ፓምፕ እዛው ሌሊት ይነሳል።

መፍቻ ሳታነሱ መለየት ይቻላል፣ ሮቶውን ጠይቁት። ብዙ ቤት ስዊቹ 1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አስነስቶ 2.8 ባር ላይ ያጠፋል፣ ባለ 24 ሊትሩ ታንክ በዚህ መሀል የሚሰጠው ውሃ 8 ሊትር ገደማ ነው። ፓምፑ በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ከሆነ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት 48 ጊዜ ተነሳ ማለት ነው፣ ወደ 380 ሊትር ውሃ። ስለዚህ ወደ ሮቶው የሚገባውን ዝጉትና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ በቀጭን እንጨት ጥልቀቱን ለኩ፣ ጠዋት ማንም ሳይጠቀም ድገሙት። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከሆነ ከሲሶው በላይ መጉደል አለበት፣ ከጎደለ ውሃው ቤት ውስጥ ወይም መሬት ስር ፈሷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳ አድሮ ሮቶው ካልጎደለ ግን ያው ውሃ ነው ሲሄድ ሲመለስ ያደረው፣ ቼክ ቫልቩ ነው።

ዝም ብዬ ብተወውስ? ውሃ እኮ እየመጣልኝ ነው

ለጥቂት ቀን ምንም አይሆንም። ሞተር ግን የሚጎዳው ሲነሳ ነው፣ ሲነሳ የሚስበው ከረንት ሲሰራ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ሲነሳ መጀመሪያ የስዊቹ መገናኛ ነጥቦች ይቃጠላሉ (ክዳኑን ስትከፍቱት ጥቁር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ) ከዛ ካፓሲተሩ፣ ከዛ ጥቅልሉ። የቫልቩ ዋጋ ከሞተር ማስጠቅለያው ጋር አይወዳደርም።

ጥርጣሬ አልፈልግም፣ ቼክ ቫልቩ መሆኑን በእርግጠኝነት እንዴት ላረጋግጥ?

ጌጅና ሁለት መዝጊያ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቤት ውስጥ ሁሉንም ዝጉ፣ ፓምፑ ሞልቶ ራሱ ይጥፋ፣ ከዛ ብሬከሩን አውርዱ፣ ካላወረዳችሁት መሀል ላይ ይነሳና ያበላሽባችኋል። አሁን ወደ ቤት የሚሄደውን መዝጊያ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉና ጌጁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በትዝታ "2.8 ነበር መሰለኝ" የሚባል ነገር አይሰራም። 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ ተመለሱ። ካልወረደ ፓምፑና ቼክ ቫልቩ ንጹህ ናቸው፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ከወረደና ፓምፑ ዙሪያ እርጥበት ከሌለ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።

እዚህ ላይ አቁሞ የሚሄድ ባለሙያ አለ፣ እኔ ግን ግልባጩን ሳልሞክር ቫልቭ አላስገዛም። እንደገና ሙሉት፣ ብሬከር አውርዱ፣ አሁን የቤቱን መዝጊያ ክፍት ተዉትና ከሮቶ ወደ ፓምፕ የሚመጣውን ዝጉ። ቅድም ሲወርድ የነበረው ጌጅ አሁን ቀጥ ካለ አበቃ፣ ቼክ ቫልቩ ነው። ስትጨርሱ የሮቶውን መዝጊያ ሳትከፍቱ ብሬከር እንዳታስነሱ፣ ፓምፑ በደረቁ ይዞርና "ሲል" የሚሉት ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ክፍል ይቃጠላል። ሁለቱም ሙከራ ላይ ከወረደስ? ሁለት ቦታ ያፈሳል፣ ወይ ደግሞ መዝጊያዎቹ ራሳቸው አይዘጉም፤ የቆየ ጌት ቫልቭ መጨረሻ ድረስ አዙራችሁትም ስሩ ደለል ስለሚይዝ ውሃ ያሳልፋል። ስለዚህ እኔ መስመር ስሰራ ሁለቱንም ቦታ ቦል ቫልቭ ነው የማስገባው።

ጌጅ የሌለው ሰው ካቻቢቴ ይዞ ጫፉን ቼክ ቫልቩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያድርግ፣ ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት። የሚያሳልፍ ቫልቭ ቀጭን "ሽሽሽ" ያሰማል፣ ጤነኛው ምንም አይልም። ሰው ሲያየኝ ይስቃል ግን ይሰራል።

ቫልቩ ነው ወይስ ታንኩ (ፊኛው) ነው የተበላሸው? ምልክታቸው አንድ አይደለም እንዴ?

ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። የፊኛ ችግር የሚታየው ውሃ ስትከፍቱ ነው፤ ሻወር ላይ ሆናችሁ ፓምፑ በየሁለት ሴኮንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ ይነሳል ይጠፋል፣ ውሃውም ይመታል ይላላል፣ ስትዘጉት ግን ዝም ብሎ ያድራል። የቫልቭ ችግር ግልባጩ ነው፣ ስትጠቀሙ ጤነኛ ነው፣ ስትዘጉት ነው የሚነሳው። ሁለቱም አንድ ላይ ከተበላሹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ እሱን የሰማ ጎረቤት ነው የሚደውልልኝ።

ታንኩ ጀርባ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለች መንፊያ አለች፣ በክዳን ተሸፍናለች። መሀሏን በምስማር ጫፍ ነካ አድርጓት፣ አየር ከወጣ ደህና ነው፣ ውሃ ከተፋች ፊኛው ተቀዷል፣ መንፋት ዋጋ የለውም ፊኛው ይቀየር። ምንም ካልወጣ አየሩ አልቋል፤ ብሬከር አውርዳችሁ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ጌጁ ዜሮ እስኪሆን አፍስሱ፣ ከዛ በጎማ ፓምፕ ከማስነሻው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ንፉ፣ ማስነሻው 1.4 ከሆነ 1.2 ወይም 1.3 ባር። ውሃ እያለበት ከለካችሁት የምታነቡት የውሃውን ግፊት ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ፈተናው "ቤት ውስጥ ነው" አለኝ፣ ግን አንድም ቦታ እርጥብ የለም

ሽንት ቤት። ሳጥኑ ስር ያለው ጎማ ያረጅና ውሃ በዝምታ ወደ ሳህኑ ይወርዳል፣ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ ስለሚሄድ እርጥበት የለም ድምጽ የለም። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስኒ ወፍራም ቡና ገልብጡበትና ሩብ ሰዓት ማንም ፍላሽ እንዳያደርግ፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከደፈረሰ አገኛችሁት። ሁሉንም ሽንት ቤት ፈትሹ፣ የሰራተኛዋንና ጊቢ ውስጥ ያለውንም፣ እነሱን የሚያስታውስ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊም አለመዝጋቱን እዩ፣ ውሃው በመሀለኛዋ ቱቦ አፍ እየገባ ከሆነ እሱ ነው።

ቀጥሎ ቦይለር ነው። ከስሩ ያለው የደህንነት ቫልቭ ውሃው ሲሞቅ ትንሽ ቢያንጠባጥብ ጤነኛ ነው፣ የሞቀ ውሃ ስለሚሰፋ ያንን ለማስወጣት ነው የተሰራው። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ይዟል ወይ አርጅቷል። የማንጠባጠቢያ ጫፉን በቡሽ የደፈነ ሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ፣ እባካችሁ፣ እሱን ከመድፈን ውሃው ይፍሰስ።

ቼክ ቫልቩን ፈታሁት፣ ምን ልይ? መቀየር ግድ ነው?

ግድ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። በአንድ ጣት ዲስኩን ገፋ አድርጉት፣ ሞላው መልሶ ጠቅ አድርጎ መዝጋት አለበት፣ ከተንቀራፈፈ ወይ ወደ ጎን ካዘነበለ ሞላው ደክሟል። ከዛ መቀመጫውን በስልክ መብራት እዩት፣ ጎማው ላይ ክብ ጭረት ወይ የተበላ ቦታ ካለ ይቀየር፣ አሸዋ ብቻ ከሆነ በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ይመለሳል፣ ነጭ ድንጋይ መሳይ ነገር ከያዘ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት። ውሃ ጠፍቶ በፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያው ሻይ መስሎ ነው የሚመጣው፣ ያ ሁሉ ደለል ሮቶው ስር ይቀመጥና በቼክ ቫልቩ ያልፋል። ከሱ በፊት የወንፊት ማጣሪያ አስገቡ፣ በዓመት አንዴም ሮቶውን እጠቡ።

በጣም ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። አያት አካባቢ አንድ ጂ ፕላስ 1 ቤት አዲስ ቼክ ቫልቭ ገጠምኩ፣ በሳምንቱ ሴትየዋ "ወንድሜ ይሄ ነገር እንደገና ጀመረው እኮ" ብለው ደወሉ። ስዊቹን አስተካከልኩ፣ ታንኩን ነፋሁ፣ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ቫልቩን ስፈታው የጥፍር ስፋት ያላት ነጭ የቴፍሎን ቁራጭ ዲስኩና መቀመጫው መሀል ተጣጥፋ ተኝታለች፣ የራሴ ቴፍሎን። ከዛን ቀን ጀምሮ የቧንቧውን የመጀመሪያ ጥርስ ባዶ ትቼ ከሁለተኛው ነው ቴፍሎን የምጠመጥመው። ፒፒአር ቧንቧ ሲቆረጥ የሚወጣውም ፍርፋሪ እንደዛው ያደርጋል፣ ስለዚህ አዲስ ቫልቭ ከመግጠማችሁ በፊት መስመሩን ለደቂቃ ለቃችሁ እጠቡት።

ፓምፑ በጠፋ ቁጥር ግድግዳው ውስጥ "ዷ" ይላል

ቼክ ቫልቩ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። በማጠፊያ የሚወዛወዝ ምላስ ያለው ዓይነት ከሆነ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ኋላ መመለስ ይጀምርና ምላሱን ይዞ በኃይል ይዘጋዋል፣ የምትሰሙት እሱን ነው። ሞላ ያለውን ዓይነት አስቀይሩ። ሞላ ያለውም እያለ ከጮኸ ሞላው ደክሟል ወይ ቧንቧው ግድግዳው ላይ በደንብ አልታሰረም።

ጠዋት ጠዋት ውሃ በጆግ ካልሞላሁበት አይስብም፣ ፓምፑ ደክሞ ነው?

ይሄ መሬት ስር ጉድጓድ ታንከር ላላቸው ነው። እዛ ቼክ ቫልቩ ከታች ውሃው ውስጥ ነው ያለው፣ ፉት ቫልቭ ይባላል፣ ወንፊት አለው። እሱ ሲያሳልፍ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ሌሊት ይወርድና ጠዋት ፓምፑ አየር ያኝካል። ብሬከር አውርዱ፣ ግፊቱን አፍስሱ፣ ወደ ቤት የሚሄደውን ዝጉ፣ ከዛ የመሙያ ቡሹን ፈታችሁ አፍ እስኪደርስ ሙሉትና ቆማችሁ እዩት። ከወረደ ያሳልፋል፣ ግን ቸኩላችሁ ፉት ቫልቩን አትክሰሱ፣ ከፓምፑ እስከ ጉድጓዱ ያለውን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሶፍት ጠቅልሉት። ሶፍቱ ከረጠበ መገጣጠሚያው ነው፣ ሁሉም ደረቅ ሆኖ ውሃው ከወረደ ከታች ያለው ነው።

ፉት ቫልቭ ተቀይሮም "አይስብም" ካላችሁ ጥልቀቱን ለኩ። የፓምፑ ወረቀት 7 ወይ 8 ሜትር ይስባል የሚለው ባህር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ ያ አየር ነው፤ ጅቡቲ ላይ 8 ሜትር የሳበ ፓምፕ እዚህ ከ5 ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ የሚስብ፣ ሲጎድል የማይስብ ከሆነ ቫልቭ በመቀያየር አትድከሙ፣ ፓምፑን ዝቅ ማድረግ ወይ ውሃው ውስጥ የሚገባ ፓምፕ መግዛት ነው።

ታንክ የለኝም፣ ፓምፑ ላይ የተቀመጠ ኤሌክትሮኒክ ነገር ነው ያለኝ፣ እሱስ?

ፕሬስ ኮንትሮል የሚሉት ነው። ቼክ ቫልቭ ውስጡ አለው። ውሃ የሚያጠራቅም ፊኛ ስለሌለው አንዲት የምታንጠባጥብ ቧንቧም ታስነሳዋለች፣ ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው ከተነሳ መጀመሪያ ቤቱን ዝጉና እዩ፣ ከዛ ነው ውስጡን ማጠብ። ብዙዎቹ 1.5 ባር ላይ ነው የሚነሱት፣ 1.5 ባር ማለት ደግሞ 15 ሜትር የቆመ ውሃ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ እስከ እሱ ከዛ በላይ ቁመት ካለ ቧንቧው ተከፍቶም አይነሳም፣ የቆመው ውሃ ክብደቱ ብቻውን ግፊት አለ ያሰኘዋል። ያኔ ቫልቩ ምንም ጥፋት የለበትም።

ቼክ ቫልቭ ሲጨመርልኝ ባሰበት፣ ስዊቹ ተተተተ ይላል

የት ነው የተጨመረው? ስዊቹና ታንኩ መሀል ከገባ እሱ ነው። ስዊቹ ግፊቱን የሚያነበው ቫልቩ ጀርባ ባለች አጭር ቧንቧ ላይ ነው፣ ፊኛው ደግሞ ማዶ ነው፣ ስለዚህ ፓምፑ ሲነሳ ወዲያው 2.8 ደረሰ ብሎ ያጠፋል፣ ወዲያው ወረደ ብሎ ያስነሳል። ስዊች፣ ጌጅና ታንክ ሁሌም አንድ ወገን መሆን አለባቸው፣ መሀላቸው ምንም አይገባም። ቦታው ልክ ሆኖ ከጮኸ ደግሞ ስዊቹ ስር ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ እዩ፣ በዝገት ትደፈናለች።

ፓምፑ ጭራሽ አይጠፋም፣ ግን አንዳንድ ቀን ብቻ ነው፣ የመንግስት ውሃ ሲመጣ ይሻለዋል

እኔ ራሴ ሁለት ቀን የጠፋብኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ቤት ባይፓስ አለው፤ የመንግስት ውሃ ሲኖር ከቆጣሪው ቀጥታ ወደ ቤት ይገባል፣ ሲጠፋ ፓምፑ ከሮቶ ይሰጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጋ ከመንግስቱ መስመር በኩል ሌላ ቼክ ቫልቭ አለ። እሱ ሲበላሽ ፓምፑ የሮቶውን ውሃ ወደ መንገዱ መስመር ይገፋል፣ መስመሩ ባዶ ስለሆነ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፣ ጌጁ 1 ባር ምናምን ላይ ይቆማል፣ 2.8 ስለማይደርስም አይጠፋም። የመንግስት ውሃ ሲመጣ ከማዶ ስለሚገፋው ጤነኛ ይመስላል። እንግዲህ ባለሙያው የሚመጣው ውሃ ባለበት ቀን ከሆነ "ምንም የለውም" ብሎ ይሄዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፓምፑ አልጠፋ ባለበት ሰዓት ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጉት፣ ጌጁ ወዲያው ከወጣና ፓምፑ ከጠፋ አገኛችሁት። ቼክ ቫልቩን ስትቀይሩ ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ መሀላቸው ትንሽ መሞከሪያ ቧንቧ ይኑር፣ ፈረቃችሁ ባልሆነ ቀን ያቺን ስትከፍቱ መስመሩ ውስጥ ከቀረው ጥቂት ውሃ በኋላ የሚፈስ ካለ ከቤት በኩል ያለው ቫልቭ አሳልፏል።

እኔ ያየሁት ቤት ቆጣሪዋ ወደ ኋላ እየዞረች ነበር፣ ሰውየው ቢል ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ብሎት ነው የቆየው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶው ግን በአንድ ቀን ያልቃል፣ ታች ሰፈር ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ በፈረቃቸው ባልሆነ ቀን ውሃ መጣ ብለው ጀሪካን ደርድረው ይቀዱ ነበር።